የሁለቱ ዳርቻዎች ፊርማ

ሚስተር ዮርገን ፖስታውን ዳቦ እንደሚያቀብል ሰው በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉላት።

ወለተሐና ዓይኗን አላሳረፈችበትም። ሻይዋን ፉት አለች። በግራ እጇ ጋዜጣዋን አጠፈች። ፖስታው ጋዜጣው ውስጥ ገባ። ጋዜጣው ቦርሳዋ ውስጥ ገባ።

አራት ሴኮንድ።

«ምን ያስደብቅሻል?» አሉ ሽማግሌው ፈረንጅ እየሳቁ። «የግብዣ ወረቀት እኮ ነው። መልካም ዜና ነው።»

«እዚህ አገር መልካም ዜናም ይሰረቃል» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ኅዳር 1983 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ደብረ ብርሃን ውርጭ ለብሳለች። በሆቴሉ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥብስ ይበላሉ። አሳላፊው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያዛጋል። በር አጠገብ አንድ ባለ ኮፍያ ተቀምጧል። ሻይ አዝዟል፤ አልጠጣውም።

ሻዩ መቀዝቀዙን ወለተሐና ልብ ብላለች።

ለሚስተር ዮርገን እሷ ወይዘሪት ዘነበች ነች፤ አስተርጓሚያቸው። ለቢሮዋ ደግሞ «ሰርዶ» ነች፤ በፈረንጁ ጎን የተተከለች የደህንነት ሠራተኛ። ፈረንጁ በቢሮው መዝገብ «መርከበኛ» ይባላሉ። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ሠላሳ ዓመት በዓሣ ጀልባ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአንድ ጠባብ ባሕር ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ የሁለት አገር ጎረቤታሞች ያቋቋሙትን «የሁለቱ ዳርቻዎች ፈንድ» ወክለው ነው የመጡት።

«አያቴ የማዶዎቹን መረብ እየቆረጠ ነው የኖረው» ብለው አጫውተዋታል አንድ ቀን። «የእነሱ አያት የእኛን ጀልባ አቃጥሏል። ዛሬ ወደቡን አብረን እንጠግናለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ሁለቱ ጎረቤቶች አብረው ካልፈረሙ ሳንቲም አይወጣም።»

ፈንዱ ከድርሻው ቆንጥሮ፣ ባሕር ሳይሆን ገደል ለለያቸው ሌሎች ጎረቤታሞች ሊሰጥ ወሰነ። ከላይ አንኮበር፣ ከታች አልዩ አምባ። ከአንኮበር ጫካ የሚፈልቀው ምንጭ በቧንቧ ወርዶ ለሁለቱም ይደርሳል። ከየወገኑ አንድ ተወካይ ወደ ፈረንጆቹ አገር ሄዶ፣ ባሕሩ ዳር ባለው አዳራሽ ይፈርማል።

የቢሮ አለቃዋ የሻለቃ ወርቅአገኘሁ ትእዛዝ ግን ሌላ ነበር። «ፈረንጁ ሰላይ ነው። ቡናማ ፖስታ ይሰጥሻል። እንዳትከፍቺው። ስምንት ሰዓት ላይ አንኮበር፣ ከድሮው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ሥር ታስረክቢኛለሽ።» ይህን ብሎ አዲስ ካፖርት አለበሳት። «አንኮበር ብርድ ነው፤ ትታመሚብኛለሽ» አላት።

በስድስት ዓመት ውስጥ ሻለቃው ስለ ጤናዋ ሲያስብ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሆቴሉን ለቅቃ ወጣች። ባለ ኮፍያው ተነሳ። ከመንገዱ ማዶ ባለ ጃንጥላ ሰው ከግድግዳ ተላቀቀ። ሰማዩ ላይ የጉም ዘር የለም።

ባለ ጃንጥላውን ታውቀዋለች። ስሙን አይደለም፤ ጫማውን። የቢሮው ጫማ ነው። ባለፈው መስከረም ለሁሉም አንድ ዓይነት ታድሏል።

የገዛ ቢሮዋ እየተከታተላት ነው።

አልፈጠነችም። ወደ በግ ተራው ታጠፈች፣ በጎቹ መሀል ገባች፣ የአንዱን ላት ጨብጣ ዋጋ ጠየቀች። ዞር ስትል ሁለቱም ቆመዋል። አይቀርቧትም፣ አይርቋትም። ሊይዟት ቢፈልጉ እስካሁን ይይዟት ነበር። የሚጠብቁት ነገር አለ።

ከበግ ተራው ጀርባ የባና ሠሪዎች ማኅበር አለ። ለፈረንጆቹ ስጦታ ስትገዛ ብዙ ጊዜ ስለምትመጣ ዘበኛው ሰላም ብሎ አሳለፋት። ተከታታዮቿ በር ላይ ቀሩ። ሌላ መውጫ የለውም፤ እነሱም ያውቃሉ፤ እሷም ታውቃለች።

በጓሮ በኩል ሱፍ የሚነከርበት በርሜል ይፈላል። ሠራተኞቹ ቁርስ ላይ ናቸው። ወለተሐና ፖስታውን አወጣች፣ ክዳኑን በእንፋሎቱ ላይ ያዘችው። ሙጫው ላላ። በጥፍሯ ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው።

ሁለት የግብዣ ደብዳቤ። ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት። ፎቶ የተለጠፈባቸው ሁለት የመግቢያ ፈቃዶች።

የመጀመሪያው የአልዩ አምባው ነጋዴ የጋሽ ዓብዱ ነው። ጥምጣማቸውን አጥብቀው፣ ፎቶ አንሺውን እንደተቆጡ ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው «ገብረመንፈስቅዱስ፣ ገበሬ፣ የአንኮበር ተወካይ» ይላል።

ግንባሯን ቋጠረች። የአንኮበር ሽማግሎች የመረጡት መሪጌታ ኪዳነ ማርያምን ነው። ስብሰባው ላይ እሷ ራሷ ነበረች። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

ነጠላ አጣፍቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ሻለቃ ወርቅአገኘሁ ያያታል።

ሊከዳ ነው።

ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባት። ሽምቅ ተዋጊዎቹ ከመርሐ ቤቴ ወዲህ እየገፉ ነው። መንግሥቱ እየተንገዳገደ ነው። የተወካዮቹ ስምና ፎቶ ለፈንዱ የሚደርሰው በቢሮው በኩል ነው። የደህንነት ሹም ከአገር መውጣት አይችልም፤ በፈንድ የተጋበዘ ገበሬ ግን ይወጣል። ባሕሩ ዳር ይፈርማል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፈረንጁ ሻለቃውን በአካል አይተውት አያውቁም። ጋሽ ዓብዱን በማስፈራራት ዝም ያሰኛቸዋል። ሻለቃውንም ፈረንጁንም የምታውቅ ግን አንዲት ሰው ናት፤ ከተወካዮቹ ጋር ልትሄድ የተመደበችው አስተርጓሚ።

እሷ።

ታዲያ ለምን ዝም ብለው ይከተሏታል? ካፖርቱን አወለቀች። በእጇ መዘነችው። ኮሌታውን ስትጨብጠው ኮሸሽ አለ። ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው።

በካርቦን የተገለበጠ ስስ ወረቀት ወጣ። የደብረ ብርሃን ጦር ሰፈር ካርታ። መድፎቹ፣ የጥይት መጋዘኑ፣ የዘብ ሰዓቱ፤ ሁሉም አለ። ከሦስት ቀን በፊት ከሰፈሩ ጠፋ ተብሎ ከተማው የተገላበጠበት ካርታ።

አንኮበር ደርሳ ፖስታውን ታስረክባለች። ስትመለስ ኬላው ላይ ካፖርቷ ይፈተሻል። ባለ ኮፍያውና ባለ ጃንጥላው ምስክር ይሆናሉ። ቢሮው ሰላይ ያዝኩ ብሎ ሲፎክር፣ ሻለቃው አውሮፕላን ላይ ይወጣል።

ወለተሐና በርሜሉ አጠገብ ባለው ጉማጅ ግንድ ላይ ተቀመጠች። የመጣባት ነገር ፍርሃት አልነበረም። ደስታ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት የቆየ፣ የጎመዘዘ ደስታ።

ወንድሟ ገብረአብ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በእናት ነው የሚገናኙት፤ አባታቸው ለየቅል ነው። ጥር 1970 ዓ.ም. ያኔ መቶ አለቃ የነበረው ወርቅአገኘሁ ከማስተማሪያ ክፍሉ አወጣው፤ ጠመኔው እንኳን ከእጁ አልወረደም። ከዚያ ወዲያ ሬሳውንም ያየ የለም። እናታቸው የምታለቅስበት መቃብር አጥታ፣ የልጇን ኮት አልጋ ላይ ዘርግታ ስታለቅስ ከርማ ሞተች። ወለተሐና ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አላለቀሰችም። ቋንቋ ተማረች። የአባቷ ስም ከወንድሟ ስለሚለይ ማንም ሳያገናኛት ቢሮው ገባች። ሰውየው በተዛወረበት እየተዛወረች፣ ቀን ስትጠብቅለት ኖረች።

አሁን ቀኑ ደረሰ።

ሌላ መንገድም ነበራት። ካርታውን እሳቱ ውስጥ ብትጥለው፣ ፖስታውን አሽጋ ብታስረክብ፣ ኬላው ላይ ምንም አይገኝባትም። ሻለቃው ይሄዳል። ፊርማው ይፈረማል። ውሃው ይወርዳል። እሷም በሕይወት ትተርፋለች። ሁሉም የድርሻውን ያገኛል፤ ገብረአብ ብቻ ሲቀር።

ይህን አሰበች። ደህና አድርጋ አሰበችው። ሻለቃው በፈንዱ ወረቀት ከተያዘ መንግሥት ፈንዱን የሰላይ ጎሬ ብሎ እንደሚዘጋውም ታውቃለች።

ካርታውን አጣጥፋ ፖስታው ውስጥ ጨመረችው፤ ከሻለቃው ፎቶ ሥር።

የጋሽ ዓብዱን ወረቀቶች ግን አወጣች። እሳቸው በዚህ ነገር እንዲነኩባት አልፈለገችም። ከበርሜሉ ሥር ያለው እሳት ውስጥ ወረወረቻቸው። ቁጡው ፊት ተጨማዶ ጠቆረ።

ኮሌታው ውስጥ ሱፍ ጎሰጎሰች፣ ስፌቱን መለሰች፣ ፖስታውን አሸገች። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገብታ ስልክ ለመነች። የከተማው ስልክ የሚጠለፍ ስለሆነ ቃላቷን መረጠች። የጦር ሰፈሩን የመረጃ ኃላፊ ሻምበል ገብረአማኑኤልን አገናኟት። ሻምበሉ ካርታው ከጠፋ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፤ የደህንነት ሰዎችንም በዓይኑ ማየት አይወድም።

«ከባና ሠሪዎች ማኅበር ነው» አለች። «ከሦስት ቀን በፊት የጠፋብዎት ባና ተገኝቷል።»

የወንበር ድምፅ ተሰማ።

«የት?»

«አንኮበር። ስምንት ሰዓት። ከድሮው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ሥር። ቡናማ መጠቅለያ ውስጥ ነው።»

«ማን ይዞታል?»

«ትልቅ ሰው። ብቻዎን አይምጡ።»

ስልኩን ዘጋች። አንድ ነጭ ባና ገዝታ፣ በትከሻዋ ጥላ፣ በዋናው በር ወጣች። ባለ ኮፍያው ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። በአጠገቡ ስታልፍ ጉንጩን ማንቀሳቀስ አቆመ።

የፈንዱ ላንድሮቨር አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከደብረ ብርሃን ተነሳች። መኪናዋን የሚነዱት ጋሽ ዓብዱ ናቸው። በወጣትነታቸው የጭነት ሾፌር ነበሩ፤ መሪ ሲጨብጡ ዕድሜያቸውን ይረሳሉ። ዛሬ ደግሞ ግብዣው ደርሷል መባሉን ሰምተው ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

ኬላው ላይ ዘቡ ወደ መኪናዋ አጎንብሶ ወለተሐናን አያት። ካፖርቷንም አየ። ገመዱን አወረደ።

ሳይፈትሽ አሳለፋቸው።

ፍተሻው ለመልስ ተቀምጦላታል።

«ዛሬስ ጥሩ ሰው ቆሟል» አሉ ጋሽ ዓብዱ። «ሌላ ቀን ጆንያዬን በሳንጃ ነው የሚወጉብኝ።»

«ዕድል ነው ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሰምተሻል? መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አዲስ ጫማ ገዝቷል። ለባሕሩ ብሎ! ‹መሪጌታ፣ ባሕር ዳር እኮ ሰው ጫማውን ያወልቃል› ብለው ተቆጣኝ። ‹አንተ አልዩ አምባ ሆነህ ባሕር የት ታውቃለህ?› አለኝ። ወላሂ፣ ልክ ነው። የት አውቃለሁ?»

ሳቁ። ወለተሐና መስኮቱን አየች።

«ሦስት ዓመት ያን ገደል ወጣሁት» አሉ ሽማግሌው፣ አሁን ዝግ ብለው። «ጉልበቴ እዚያ ነው ያለቀው። የላዮቹ ‹ቆለኞቹ ምንጫችንን ሊጨርሱት ነው› ይላሉ። የእኛ ጎረምሶች ‹ደገኞቹ ደስ ሲላቸው ይዘጉብናል› ይላሉ። በመጨረሻ ምን አልኩ? ቧንቧው ሁለት ቁልፍ ይኑረው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ መስጊድ። አንዱ ያለ አንዱ አይከፍት፣ አንዱ ያለ አንዱ አይዘጋ። መሪጌታ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ልጄ መሊካ ውሃ ስትቀዳ ትውላለች። ለአንድ እንስራ ግማሽ ቀን። እናቷም እንዲሁ ነበረች።»

«ባይሆንስ ጋሼ?» አለች ወለተሐና ሳታስበው። «ፈንዱ ቢቀርስ?»

ጋሽ ዓብዱ መሪውን አጥብቀው ያዙ።

«ዳግመኛ ማን ያምነናል ልጄ? እኔስ ዳግመኛ ያን ገደል የምወጣበት ጉልበት ከየት አመጣለሁ?»

ፖስታውን ከቦርሳዋ አወጣች። የክዳኑ ጫፍ ተነስቷል። በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ቀና ስትል ሽማግሌው ያዩዋታል።

«ረጥቧል?»

«ጉሙ ነው» አለች።

ጋሽ ዓብዱ ወደ መንገዱ ተመለሱ።

አንኮበር ሲደርሱ የምር ጉም ነበር። ከገደሉ ሥር እየተነሳ ጥዱን ይውጣል፣ ይተፋል። ጋሽ ዓብዱ መኪናው ውስጥ ቀሩ። ወለተሐና ባናውን ደርባ ወደ ኮረብታው ሥር በእግሯ ሄደች።

ሻለቃ ወርቅአገኘሁ ብቻውን ቆሞ ነበር። ጢሙ አድጓል። ከጀርባው ሃያ እርምጃ ርቆ አንድ የቢሮ መኪና ይታያል፤ ባለ ኮፍያውና ባለ ጃንጥላው ከመኪናው አጠገብ።

«ሰርዶ።»

«ጓድ ሻለቃ።»

«ከፍተሽዋል?»

«ትእዛዝ ነበረኝ።»

ፖስታውን ተቀበለ። በሁለት ጣቱ መዘነው።

«ወፍሯል።»

«የሁለት ሰው ጉዳይ ነው፤ አይደል?» አለች። ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

ሻለቃው ቀና አለ። ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ፖስታውን ሳይከፍት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እጁ ሲመለስ ሽጉጥ ይዟል፤ ወደ መሬት የተደፋ፣ እንደ ዱላ።

«ከከፈትሽውም ግድ የለኝም» አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ጎበዝ ነሽ። ገብረአብም ጎበዝ ነበር።»

ወለተሐና ባናውን ወደ ደረቷ ሳበች።

«በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት» አለ ሻለቃው። «የአባትን ስም መለወጥ ይቻላል፤ ዓይን አይለወጥም። ላስወግድሽ እችል ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ የተገደለ ፀረ ሕዝብ እህት፣ ስሟን ደብቃ ቢሮ የገባች። አንድ ቀን ሰላይ ማስያዝ ብፈልግ ከዚህች የተሻለ ከየት ይመጣል? ፋይልሽ ራሱ ይፈርድብሻል። ለበዓል እንደሚቀለብ በግ ነው ያቆየሁሽ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ የምትጠብቀው መስሏት ነበር። ለካ እሱ ነው የጠበቃት።

«የት ቀበርከው?» አለች።

«ምን?»

«ወንድሜን። የት ቀበርከው?»

ሻለቃው ሊመልስ አፉን ከፈተ።

ከጥዱ ውስጥ የጠመንጃ መቀባበል ድምፅ መጣ። አንድ። ከዚያ አምስት። ከዚያ በዙሪያቸው ሁሉ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!»

ሻምበል ገብረአማኑኤል ከጉሙ ወጣ፤ ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ። ወታደሮቹ ባለ ኮፍያውንና ባለ ጃንጥላውን መሬት ላይ አስተኝተዋቸዋል።

ሻለቃው አልደነገጠም። ሽጉጡን ራሱ አስረከበ። ጭራሽ ሳቀ።

«በጊዜ ደረስክ ሻምበል። ካርታህን የሰረቀችው ይቺ ናት። የካፖርቷን ኮሌታ ቅደደው።»

አንድ ወታደር ካፖርቷን ከላይዋ ገፈፈ። ኮሌታውን በሳንጃ ተረተረው።

ሱፍ። ነጭ የበግ ሱፍ በነፋሱ ተበተነ።

የሻለቃው ፈገግታ ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀረ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ገባው። ሻምበሉም የእጁን አካሄድ አይቷል።

ቡናማውን ፖስታ ሻምበሉ ራሱ ከኪሱ አወጣው። ካርታውን ዘረጋ። ቲኬቱን አየ። ፎቶውን ከሰውየው ፊት ጎን ይዞ አስተያየ።

«ገብረመንፈስቅዱስ፣ ገበሬ» ብሎ አነበበ። «ማሳህ የት ነው፣ ጓድ ሻለቃ?»

እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ወለተሐና ቀረበችው፤ እስትንፋሱ እስኪሰማት ድረስ።

«የት ቀበርከው?»

ሻለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስፈቺኝና አሳይሻለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው። ከእኔ ጋር የነበሩት ሁሉ ሞተዋል። እኔን ከገደላችሁ መቼም አታገኚውም።»

አየችው። እናቷን አሰበች፤ አልጋ ላይ የተዘረጋውን ኮትም።

«ውሰዱት» አለች።

ሲጎትቱት ነው ዞሮ የጮኸው። «ተባባሪዬን ለምን ትተዉታላችሁ? መኪናው ውስጥ ነው! እስላሙ ሽማግሌ! ወረቀቱ ለሁለት ሰው ነው፤ ደብዳቤውን አንብቡት!»

ሻምበሉ ደብዳቤውን አነበበ። ወደ ላንድሮቨሯ አየ። ወደ ወለተሐና ዞረ።

«የዚህ ዓብዱ የሚባለው ወረቀት የታለ? አንቺ ስለ ሰውየው የምታውቂው አለ?»

ጋሽ ዓብዱ ከመኪናው ወርደዋል። ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ወደ እሷ እያዩ፣ እንድታስረዳቸው እየጠበቁ ቆመዋል። አስተርጓሚያቸው አይደለች?

ንጹሕ ናቸው ብትል፣ እንዴት አወቅሽ ይላታል። ወረቀታቸውን አቃጥዬ ነው ብትል፣ ፖስታውን ከፍተሻል ይላታል። ፖስታውን ከከፈተች ካርታውን ማን ጨመረው? ያን ጊዜ ሻለቃው ይፈታል፤ እሷ ትታሰራለች።

አፏን ከፈተች።

ዘጋችው።

«ይጣራል» አለ ሻምበሉ። «አምጡት።»

ጋሽ ዓብዱ ሲይዟቸው አልታገሉም። አንዴ ብቻ ጥምጣማቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሱ ሲሉ ወታደሩ ገፋቸው። ጥምጣሙ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ወለተሐና አንስታ ስትሮጥ መኪናው ሄዷል።

ሚስተር ዮርገን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ፈንዱ ተዘጋ። ጫጫ ድረስ ተጭኖ የመጣው የመጀመሪያው ቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አዲሱን ጫማቸውን ለአንድ ዲያቆን ሰጡ አሉ።

ሻለቃ ወርቅአገኘሁ በጥር ወር በጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በዚያው ወር ተረሸነ። ወንድሟን የወሰደበት ወር ነው። ወሬውን ሻምበል ገብረአማኑኤል ራሱ ነገራት፤ ደብረ ብርሃን፣ አውቶቡስ ተራ፣ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆመው።

«ዘነበች የምትባል አስተርጓሚ አልነበረችም» አላት። «ሰርዶም የምትባል የለችም። ፋይሉን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። የምትሄጂበትን አትንገሪኝ።»

«ሽማግሌውስ?»

«ምርመራው አላለቀም።» ዓይኑን አሸሸ። «ጠንካራ ሰው ነው።»

አውቶቡስ ላይ ወጣች። እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት የናፈቃት እንቅልፍ። ዓይኗ ፍጥጥ እንዳለ ሰንዳፋ ደረሰች።

ግንቦት ላይ መንግሥቱ ወደቀ። የእስር ቤቱ በሮች ተከፈቱ።

ሰኔ ሲገባ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ሴት ሻሿን ዝቅ አድርጋ አስራ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ገደል በእግሯ ወረደች። መንገዱ ላይ እንስራ ያዘሉ ሴቶች ተሰልፈው ይወጣሉ። ዞር ብላ አሳለፈቻቸው።

ጋሽ ዓብዱ የሚሸጡትን ጨው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸው አይታጠፍም፤ እንደ ግንድ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ገና ሳትናገር አወቋት።

«ተቀመጪ» አሉ።

ተቀመጠች። ታጥቦ የታጠፈውን ጥምጣም ከጉያዋ አውጥታ ጨው ጆንያው ላይ አኖረችው። አልነኩትም።

«ፖስታው ረጥቦ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ስድስት ወር ሙሉ ጠየቁኝ። አስተርጓሚዋ ከፍታዋለች ወይ? አላየሁም አልኩ።»

«ለምን ጋሼ?»

«የሰው ልጅ ነሽ ብዬ።»

የወንድሟን ነገር ነገረቻቸው፤ ጠመኔውን፣ ኮቱን፣ ያልተገኘውን መቃብር። ጋሽ ዓብዱ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ኢና ሊላሂ አሉ ለገብረአብ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቋት።

«ሰውየውን ስትጥዪው፣ ውሃው አብሮት እንደሚወድቅ ታውቂ ነበር?»

ስድስት ዓመት በውሸት የኖረች ሴት ናት። አንድ ውሸት አይከብዳትም።

«አውቅ ነበር» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ፣ አላውቅም ነበር ብትዪኝ ይቀለኝ ነበር።»

አንድ ገዢ መጥቶ ጨው ጠየቀ። ጋሽ ዓብዱ ወደ ገዢው ዞሩ፤ ሰፈሩ፣ መረቁ፣ ሸኙ። ወደ እሷ አልተመለሱም። ወለተሐና ተነሳች። ገበያተኛው ለአፍታ ከፈት አለላትና መልሶ ተዘጋ።

መሊካ ባዶ እንስራዋን አዝላ ከወዲያ መጣች። በሴቲቱ ጀርባ ላይ ዓይኗ ቀረ።

«ማን ናት አባዬ?»

ጋሽ ዓብዱ ጨዉን በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«መንገደኛ ናት» አሉ። «መንገድ ጠይቃኝ ነው።»